ከኤሌክትሮማግኔቲክ ምት የሚከላከሉ መስኮቶች፦ የሽቦ መረብና ስስ ሽፋን ሲነጻጸሩ

ሰርቨሮችን፣ የመገናኛ መሣሪያዎችን ወይም የፋብሪካ መቆጣጠሪያዎችን ከኤሌክትሮማግኔቲክ ምት (በኑክሌር ፍንዳታ ወይም ሆን ተብሎ ከሚለቀቅ፣ መሣሪያ ከሚያበላሽ ድንገተኛና ኃይለኛ ሞገድ) ለመጠበቅ ክፍሉን ከወለል እስከ ጣሪያ በብረት ላሜራ መሸፈን ከቀድሞ ጀምሮ የሚሠራበት መንገድ ነው። ነገሩ የሚከብደው በዚያ ክፍል ውስጥ ሰው መሥራት ሲኖርበት ነው፤ ሠራተኛው ብርሃን ይፈልጋል፣ ተቆጣጣሪው ከውጭ ሆኖ ውስጡን ማየት አለበት፣ የሕንፃው ባለቤትም ግድግዳው ሁሉ ድፍን እንዲሆን አይፈልግም። ብርሃን እያሳለፈ ሞገድ የሚያግድ መስኮት የሚሸጠው ለዚህ ፍላጎት ነው። እኔ የዳታ ማእከሎች በብዛት በሚገኙበት በሰሜን ቨርጂኒያ በኤሌክትሪክ ምህንድስና ሙያ ስለምሠራ፣ እንዲህ ያሉ ክፍሎች ሲገነቡና ሲፈተሹ የመገኘት ዕድል አለኝ። እዚህ የምገመግመው በሥራ ላይ ያየኋቸውን ሁለት ዋና ዋና ዓይነቶች ነው፦ በመስታወት መሃል የሽቦ መረብ የተቀበረበትንና ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፍ ስስ ሽፋን የተቀባውን። የአምራቾችን ስም አላነሣም፤ ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ሁለት መስኮቶች እንኳ እንደ አገጣጠማቸው እጅግ የተራራቀ ውጤት ሲሰጡ አይቻለሁና፣ ገዢው ከሁሉ አስቀድሞ ማየት ያለበት አገጣጠሙን ነው ብዬ አምናለሁ።

በመጀመሪያ መስኮቱ ከምን እንደሚከላከል መለየት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. ጁላይ 9 ቀን 1962 አሜሪካ በፓስፊክ ውቅያኖስ ከጆንስተን ደሴት በላይ 400 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ 1.4 ሜጋቶን ጉልበት ያለው የኑክሌር ቦምብ አፈነዳች። ስታርፊሽ ፕራይም በተባለው በዚህ ሙከራ ምክንያት፣ ከሥፍራው 1,400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ሃዋይ 300 የሚጠጉ የመንገድ መብራቶች ጠፉ፤ የሌባ ማንቂያ ደወሎችም ጮኹ። በዚያን ዘመን የነበረው መሣሪያ በአብዛኛው በቫኪዩም ቱቦ የሚሠራና ጠንካራ ነበር፤ ዛሬ በየክፍሉ የተደረደሩት ጥቃቅን ሰርኪዩቶች ግን ለመበላሸት ከዚያ በጣም ያነሰ ቮልቴጅ ይበቃቸዋል።

ባለሙያዎች ይህን ምት በሦስት ይከፍሉታል። የመጀመሪያው ክፍል፣ ኢ1 የሚባለው፣ በ2.5 ናኖሰከንድ ውስጥ ወደ ጫፉ የሚወጣና በዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን መለኪያ እስከ 50,000 ቮልት በሜትር የሚደርስ ነው። ሁለተኛው የመብረቅን ጠባይ ይመስላል። ሦስተኛው ቀርፋፋ ሲሆን ከሰከንዶች እስከ ደቂቃዎች ይቆያል፤ ጉዳቱም በረጃጅም የኤሌክትሪክ መስመሮች በኩል የሚመጣ ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 13 ቀን 1989 በካናዳ ኩቤክ 6 ሚሊዮን ሰዎችን ለዘጠኝ ሰዓታት ያህል ያለ መብራት ያስቀረው የፀሐይ ማዕበል የዚህ ሦስተኛ ዓይነት ዘመድ ነው። መስኮት የሚመለከተው የመጀመሪያውን ብቻ ነው፤ በዚህ ላይ ሰዎች ሆን ብለው ከተሽከርካሪ ወይም ከሻንጣ ውስጥ በጠንካራ የሬዲዮ ሞገድ የሚያደርሱት ጥቃት ይጨመራል። ስለዚህ አንድ ሻጭ መስኮቱ «ከፀሐይ ማዕበልም ያድናል» ካላችሁ አትቀበሉት። የፀሐይ ማዕበል የሚገባው በመስመሩና በትራንስፎርመሩ በኩል ነው፤ የመስታወቱ ጥራት በዚያ ላይ የሚለውጠው ነገር የለም።

የመከላከል አቅም የሚነገረው በዴሲቤል ነው። 20 ዴሲቤል ማለት የሞገዱን የኤሌክትሪክ መስክ ጥንካሬ ወደ አንድ አሥረኛ መቀነስ፣ 40 ወደ አንድ መቶኛ፣ 60 ወደ አንድ ሺሕኛ፣ 80 ደግሞ ወደ አንድ አሥር ሺሕኛ መቀነስ ነው። ከላይ የጠቀስነውን 50,000 ቮልት በሜትር ብንወስድ፣ 26 ዴሲቤል ያለው መስኮት ወደ ውስጥ 2,500 ያህል ያሳልፋል፤ 60 ያለው 50፣ 80 ያለው 5 ብቻ ያሳልፋል። ማስታወቂያ ላይ «ሞገድ 95 በመቶ ይከላከላል» የሚል ጽሑፍ ስታዩ ይህን ስሌት አስታውሱ። የመስኩ 95 በመቶ ታገደ ማለት 26 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ማስታወቂያው የሚናገረው ስለ ኃይል ከሆነ ደግሞ ቁጥሩ ወደ 13 ዴሲቤል ይወርዳል። ለመኖሪያ ቤት የተጻፈ ማስታወቂያን ወደ ሰርቨር ክፍል ይዞ መምጣት ትልቅ ኪሳራ ያስከትላል።

ወደ ስስ ሽፋኑ ልለፍ። ይህ ዓይነት መስኮት ከተራ መስታወት ብዙም አይለይም፤ ለዓይን የሚያምረውም እሱ ነው። ውፍረቱ በናኖሜትር የሚለካ የብር ንጣፍ፣ ወይም ኢንዲየም ቲን ኦክሳይድ የተባለው አስተላላፊ ውሁድ፣ በመስታወቱ ላይ ወይም በሁለት መስታወቶች መሃል በሚገባ ፕላስቲክ ላይ በቫኪዩም ውስጥ ይቀባል። አቅሙን የሚወስነው የሽፋኑ ገጽ ሬዚስታንስ (የኤሌክትሪክ ጅረትን የመቋቋም መጠን) ሲሆን፣ አንድ ካሬ ቁራጭ ከጎን እስከ ጎን ሲለካ ስንት ኦም እንደሚያሳይ ማለት ነው። 10 ኦም የሆነ ሽፋን በስሌት 26 ዴሲቤል ገደማ ይሰጣል፤ 1 ኦም የሆነው 45 ገደማ ይደርሳል። ወደ 0.1 ኦም ቢወርድ 65 ይሆን ነበር፣ ነገር ግን ያን ያህል ብር የተጫነበት መስታወት ብርሃን ማሳለፉን ትቶ እንደ ፊት መስተዋት ብርሃን የሚመልስ ይሆናል። የዚህ ዓይነት መስኮት ድንበሩ እዚህ ላይ ነው፤ ማንም አምራች በማስታወቂያ ሊያልፈው አይችልም።

ሽፋኑ ለጭረት ያለው ተጋላጭነትም የሚናቅ አይደለም። በአውሮፓ የባቡር መስኮቶች ሙቀት እንዲያግዱ በብረታዊ ሽፋን ይቀቡ ስለነበር የተሳፋሪዎች ስልክ ኔትዎርክ ያጣ ነበር። መፍትሔ ሆኖ የተገኘው በሽፋኑ ላይ በሌዘር እጅግ ቀጫጭን መስመሮችን መቁረጥ ነው፤ ዓይን የማያስተውላቸው መስመሮች የስልኩ ሞገድ እንዲያልፍ አደረጉ። ለባቡር ተሳፋሪ ጥቅም የሆነው ይህ ጠባይ ለተጠበቀ ክፍል ጉዳት ነው። የመስኮቱ ሽፋን ወደ ውጭ የተጋለጠ ከሆነ፣ በጽዳት ጊዜ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተሳበ አንድ ጭረት ጅረቱ የሚሄድበትን መንገድ ይቆርጠዋል። ስለዚህ ስስ ሽፋን ያለውን የምትገዙ ከሆነ ሽፋኑ በሁለት መስታወቶች መሃል የታሸገ መሆኑን አረጋግጡ፤ በተራ መስኮት ላይ የሚለጠፈውን ጥቅልል ፊልም ግን ለዚህ ሥራ በምንም ሁኔታ አልመክርም።

የሽቦ መረብ ያለው ግን የተለየ ነገር ነው። ከሰው ፀጉር የቀጠነ የመዳብ ወይም የማይዝግ ብረት ሽቦ፣ በአንድ ሴንቲ ሜትር 40 ያህል እየሆነ ተሸምኖ በሁለት መስታወቶች መካከል ይታሸጋል። ቤት ውስጥ ያለው የማይክሮዌቭ ምድጃ በር ላይ የምናየው ቀዳዳ ቀዳዳ ብረት የሚሠራው በዚሁ መርሕ ነው፤ የምድጃው ሞገድ 12 ሴንቲ ሜትር ስለሚረዝም በሚሊ ሜትር የምትለካ ቀዳዳ ማለፍ አይችልም፣ የብርሃን ሞገድ ግን እጅግ አጭር ስለሆነ ያልፋል። በመረቡ ጥራት ላይ ልዩነት የሚያመጣው አንዱ ነገር ሽቦዎቹ በሚሻገሩበት ቦታ ሁሉ በእርግጥ መነካካታቸው ነው። ጥሩ አምራች መረቡን ከሸመነ በኋላ በብረት ለብጦ መገናኛዎቹን ያጣብቃቸዋል፤ ይህ ያልተደረገለት መረብ አዲስ ሳለ ጥሩ ይለካና በጊዜ ብዛት መገናኛዎቹ ከአየር ጋር ተዋሕደው ሲዝጉ ይደክማል። ሁለተኛው ነገር የቀዳዳው ስፋት ነው። መረብ የሞገዱ ድግግሞሽ (በሰከንድ የሚወዛወዝበት ብዛት፣ በኸርዝ የሚለካው) ከፍ ባለ ቁጥር አቅሙ ይቀንሳል፤ ድግግሞሹ አሥር እጥፍ ሲያድግ በግምት 20 ዴሲቤል ያጣል። ለኢ1 ምት አብዛኛው ጉልበት ከጥቂት መቶ ሜጋኸርዝ በታች ስለሆነ ይህ ብዙ አያሳስብም፤ ሆን ተብሎ በጊጋኸርዝ ለሚደርስ ጥቃት ግን ሻጩ እስከ ስንት ጊጋኸርዝ እንደለካ መጠየቅ ግዴታ ነው።

በዕይታ በኩል መረቡ ዋጋ ያስከፍላል። በመረብ መስኮት የሚያልፈው ብርሃን ይቀንሳል፤ መረቡ ድርብ ሲሆን ግማሽ ያህሉ ሊታገድ ይችላል። ሽቦው ጥቁር ካልተደረገ መብራት ሲያርፍበት ያብረቀርቃል፣ በተለይ ማታ ከብርሃን ክፍል ወደ ጨለማው ሲታይ መስኮቱ ሁሉ ግራጫ ጭጋግ ይሆናል። በመረቡ በኩል የኮምፒዩተር ስክሪን ለሚያይ ሰው ደግሞ የስክሪኑ ነጥቦችና የመረቡ ክሮች ተደራርበው የሚወዛወዝ የጨርቅ ዓይነት ጥለት ይፈጥራሉ፤ ቀኑን ሙሉ ይህን የሚያይ ሠራተኛ ራስ ምታት ቢይዘው አያስገርምም። መረቡ ከመስታወቱ ጠርዝ አንጻር በመጠኑ ዘወር ተደርጎ ከታሸገ ይህ በእጅጉ ይቀንሳል። ስለዚህ ከማዘዛችሁ በፊት ናሙና አስመጡና በእውነተኛው ክፍል፣ በእውነተኛው ስክሪን ፊት፣ ቀንም ማታም ያዙት።

አሁን ወደ ጠርዙ ልምጣ፤ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ነው። በመስታወቱ ላይ ያረፈው ሞገድ በመረቡ ወይም በሽፋኑ ላይ ጅረት ያስነሣል፤ ያ ጅረት ወደ ፍሬሙ፣ ከፍሬሙም ወደ ግድግዳው ላሜራ ሳይቋረጥ መፍሰስ አለበት። መንገዱ በአንድ ቦታ ከተቋረጠ ክፍተቱ ራሱ አንቴና ይሆናል። በዚህ ላይ የሚያታልለው የክፍተቱ ስፋት ነው፤ እንደ ወረቀት የቀጠነ ስንጥቅ ምንም አያሳልፍም ብለን እናስባለን። ወሳኙ ግን ርዝመቱ ነው። በ1 ጊጋኸርዝ የሞገዱ ርዝመት 30 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ፣ 15 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ስንጥቅ፣ ምንም ቢቀጥን፣ ሞገዱን በነጻነት ሊያሳልፍ ይችላል።

አንድ ጊዜ ውጤቱ ከተነገረው በታች የሆነ የመረብ መስኮት መሸፈኛውን ከፍተን አይተናል። መረቡ ከመስታወቱ ጠርዝ ዙሪያውን ጥቂት ሴንቲ ሜትር ወጥቶ፣ በሥርዓት ወደ ኋላ ታጥፎ በአሉሚኒየም ፍሬሙ ላይ ተኝቷል፤ ሥራው ንጹሕ ነበር፣ ብሎኖቹም በእኩል ርቀት ታስረዋል። ነገር ግን ፍሬሙ ከፋብሪካ ሲመጣ በዱቄት ቀለም የተቀባ ነበርና መረቡ ያረፈው በቀለሙ ላይ ነው። ቀለም ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። መረቡና ፍሬሙ የተገናኙት ብሎን በገባባቸው ነጥቦች ብቻ ስለነበር፣ በብሎንና በብሎን መካከል ያለው ርቀት ሁሉ ስንጥቅ ሆኖ ተገኘ። ቀለሙ መረቡ በሚያርፍበት ቦታ ዙሪያውን ተፍቆ፣ ባዶው አሉሚኒየም ዝገት በሚከላከልና ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፍ ቅብ ታክሞ፣ በላዩ አስተላላፊ ጋስኬት (በሁለት ክፍሎች መሃል ተጨምቆ ክፍተት የሚሞላ ንጣፍ) ተደርጎበት እንደገና ሲታሰር መስኮቱ ሌላ ሆነ። መስታወቱ አልተለወጠም። አኖዳይዝ የተደረገ (ላዩ በኤሌክትሪክ ኬሚካዊ ዘዴ በኦክሳይድ የተሸፈነ) አሉሚኒየምም ብረት ስለሚመስል የባሰ ያታልላል፤ ላዩ ግን ኦክሳይድ ነው፣ እንደ ቀለሙ ሁሉ አያስተላልፍም። በቀላል የኦም መለኪያ ሁለቱን ዘንጎች ፍሬሙ ላይ ቀስ አድርጎ በማሳረፍ ይህን በደቂቃ ውስጥ ማወቅ ይቻላል።

በስስ ሽፋን መስኮት ጠርዙ ከዚህም ይከብዳል፤ ሽፋኑ እንደ መረብ ታጥፎ አይወጣም። አምራቹ በመስታወቱ ዙሪያ የብር ቀለም ወይም የመዳብ ሪባን አጣብቆ ሽፋኑን ከፍሬሙ ጋር ያገናኛል። እርጥበት በዚያ በኩል ከገባ ብሩ ከጠርዙ ጀምሮ ይበላል፤ ምልክቱም በዳር በኩል የሚታይ ቡናማ ወይም ነጣ ያለ ነጠብጣብ ነው። ነጠብጣቡ ዙሪያውን ከያዘ መሃሉ ምንም ያህል ንጹሕ ቢሆን መስኮቱ አገልግሎቱን ጨርሷል።

ስለ ልኬቱም መናገር አለብኝ። አንዳንድ ሻጮች ስልክ ወደ ክፍሉ አስገብተው በሩን ዘግተው ሲደውሉና ጥሪው ሲቋረጥ «ይኸው» ይላሉ። ስልክ ኔትዎርኩ ሲደክም የራሱን ኃይል ይጨምራል፣ በአካባቢው ያለው አንቴና ሩቅ ከሆነም በትንሽ መከላከያ ይቋረጣል፤ ስለዚህ ስለ ዴሲቤል የሚነግረን ነገር የለም። ትክክለኛው መንገድ በአይ.ትሪፕል.ኢ. (የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ተቋም) 299 መመዘኛ የተቀመጠው ነው፦ አስተላላፊ አንቴና በአንድ ወገን፣ ተቀባይ በሌላው ወገን ቆሞ፣ በተለያዩ ድግግሞሾች መስኮቱ ባለበትና በሌለበት ያለው ልዩነት ይነበባል። ከዚህ ጋር ተቀባዩን አንቴና በፍሬሙ ዙሪያ ቀስ ብሎ ማዞር ያስፈልጋል። መሃሉ ላይ ዝም ያለው መለኪያ ማእዘኑ ጋ ሲደርስ በድንገት ይዘላል፤ ሥራው የጎደለበት ቦታም በዚያው ይታወቃል። የአምራቹ የላቦራቶሪ ሪፖርት ብዙውን ጊዜ የሚያሳየው ፍጹም በሆነ ፍሬም ላይ የታሰረ ትንሽ ናሙና ነው፤ ከእናንተ ግድግዳ ላይ ከተገጠመው ጋር አንድ አይደለም።

ማን የትኛውን ይግዛ ለሚለው፣ የአሜሪካ የአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 ከዚህ ምት ስለ መከላከል ያወጣው መመሪያ ጠቃሚ መነሻ ነው። መመሪያው አራት ደረጃዎች አሉት፤ በሦስተኛው ደረጃ እስከ 10 ጊጋኸርዝ ቢያንስ 30 ዴሲቤል፣ በአራተኛው ደግሞ በወታደራዊው መመዘኛ መሠረት 80 ዴሲቤል ይጠይቃል። ለሦስተኛው ደረጃ፣ በሁለት መስታወት መሃል የታሸገ ዝቅተኛ ኦም ያለው ስስ ሽፋን፣ ጠርዙ በደንብ ከተሠራ ይበቃል፤ ዕይታውም ለሠራተኛው ይመቻል። ለአራተኛው ደረጃ ስስ ሽፋን ብቻውን አይታሰብም። ድርብ መረብ ወይም መረብና ሽፋን አንድ ላይ ሆነው፣ መስኮቱም በተቻለ መጠን ትንሽ ሆኖ፣ ከላሜራው ጋር ዙሪያውን ሳይቋረጥ ተገናኝቶ ሲሠራ ብቻ ነው ተስፋ የሚኖረው። እኔ ከተጠየቅሁ ለአራተኛ ደረጃ ክፍል ካሜራና ፋይበር ኦፕቲክ እመርጣለሁ፤ ብርሃን በመስታወት ክር ብረት በሌለው ገመድ ይገባል፣ ግድግዳውም ድፍን ሆኖ ይቀራል። ወደ ክፍሉ የሚገባው የኤሌክትሪክና የዳታ ገመድ ፊልተር (ምቱን የሚያጣራ መሣሪያ) ካልተደረገለት ደግሞ፣ የትኛውም መስኮት ቢገዛ ወጪው ከንቱ ነው፤ ምቱ ከመስታወት ይልቅ በገመድ መግባት ይቀለዋል።

አገር ቤት ለሚሠሩ ባለሙያዎች ይህ ቴክኖሎጂ ሩቅ መስሎ ከታያቸው፣ በአዲስ አበባ ኤም.አር.አይ. (በማግኔት የሰውነት ውስጥ ምስል የሚያነሣ መሣሪያ) ባላቸው ሆስፒታሎች የመቆጣጠሪያ ክፍሉ መስኮት የቅርብ ዘመዱ መሆኑን ልጠቁም። የማግኔቱ ጥንካሬ 1.5 ቴስላ የሆነ መሣሪያ የሚያዳምጠው 64 ሜጋኸርዝ አካባቢ ያለ እጅግ ደካማ ምልክት ስለሆነ፣ ክፍሉ በመዳብ ይሸፈናል፣ መስኮቱም መረብ የተቀበረበት ነው። በምስሉ ላይ ምክንያቱ ያልታወቀ ቀጥ ያለ የነጠብጣብ መስመር መታየት ሲጀምር፣ ከመሣሪያው ክፍሎች ጋር የበሩ ጣት መሰል ጋስኬትና የመስኮቱ ጠርዝ ይፈተሹ። ለጥገና የሚገባ ቀለም ቀቢ ወይም አናጺ የፍሬሙን ብሎኖች ፈትቶ በሲሊከን አጣብቆ ሊሄድ ይችላል፤ ተራው ሲሊከን ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም።

ለመግዛት የወሰነ ድርጅት በውሉ ላይ የሚከተለውን እንዲያስገባ አጥብቄ እመክራለሁ፦ መስታወቱ፣ ፍሬሙና ጋስኬቱ ከአንድ አቅራቢ እንደ አንድ ዕቃ ይቅረቡ፤ የዴሲቤሉ ግዴታ በተገጠመው መስኮት ላይ፣ በቦታው፣ ማእዘኖቹን ጨምሮ በሚደረግ ልኬት ይረጋገጥ፤ የመጨረሻው ክፍያ ከዚያ ልኬት በኋላ ይፈጸም። መዳብና አሉሚኒየም በቀጥታ በሚነካኩበት ቦታ እርጥበት ሲኖር አሉሚኒየሙ ስለሚበላ፣ በመሃላቸው ቆርቆሮ የተለበጠ ወይም ተስማሚ የሆነ ጋስኬት እንዲገባ ይጠየቅ። ጋስኬቱ እየተጨመቀ ስለሚደክም የመጀመሪያው ልኬት ውጤት በጽሑፍ ተይዞ፣ በየጊዜው የሚደረገው ልኬት ከእሱ ጋር ይነጻጸር። ለጽዳት ሠራተኞችም አሞኒያ ያለበት ማጽጃ በጠርዙ ላይ እንዳይፈስ፣ መስኮቱም በለስላሳ ጨርቅና በውኃ ብቻ እንዲጸዳ በአማርኛም ሆነ በሚገባቸው ቋንቋ ተጽፎ ከመስኮቱ አጠገብ ይለጠፍላቸው።